ወረቀት ስንጠብቅ ጉልበት እንዳናጣ፦ በቤታችን የምናዘወትረው የሰውነት እንቅስቃሴ

(በካምፓችን ሬዲዮ የአማርኛ የጤና ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር። ያልሰሙት እንዲያነቡት፣ የሰሙትም በቤታቸው እንዲያስቀምጡት በዚህ በራሪ ወረቀት ታትሟል።)

  የዛሬው ዝግጅታችን ርዕስ በቤት ውስጥ ስለሚሠራ የሰውነት እንቅስቃሴ ነው። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ሰፊ ቦታ አይፈልግም፣ ልዩ ልብስም አያስፈልገውም። አንድ በርጩማ፣ አንድ ግድግዳና አንድ ጀሪካን ያለው ሰው ሁሉ ሊጀምረው ይችላል።

ወደ ትምህርቱ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላጫውታችሁ። በእኛ ብሎክ አንድ ጋሼ ነበሩ፤ ስማቸውን አልጠራም። ወደዚህ ሲመጡ ጭቃውን ራሳቸው ረግጠው፣ ጡቡን ራሳቸው መትተው ቤታቸውን የሠሩ ብርቱ ሰው ነበሩ። ከዚያ ፕሮሰስ ተጀመረላቸው። ፕሮሰስ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያሻኝም። ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳ ማየት፣ ከዚያ በር ላይ መቀመጥ፣ ከሰዓት በኋላ ፍራሽ ላይ ጋደም ማለት፣ ማታ ደግሞ ስልክ መጠበቅ ነው። እንዲህ እንዲህ ሲሉ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። «ጋሼ፣ ትንሽ ይንቀሳቀሱ እንጂ» ስንላቸው፣ «ልጄ፣ እዚያ ስደርስ እጀምራለሁ» ይሉን ነበር።

በመጨረሻ ስማቸው ወጣ። ሁላችንም ደስ አለን፤ ቡና ተፈላ፣ ተመራረቅን። በመሄጃቸው ቀን ግን የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ሲደርሱ እግራቸው አልነሳ አለ። ሁለት ወጣቶች ብብታቸውን ይዘው አወጧቸው። እኔ ሻንጣቸውን ይዤ ከኋላ ነበርኩ። ዘወር ብለው፣ «ልጄ፣ እኔ ወረቀቱን ስጠብቅ ጉልበቴ እኔን አልጠበቀኝም» አሉኝ።

ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ብዙ አሰብኩ። እኔም በካምፑ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ ሆኜ ሰው እመክራለሁ እንጂ፣ ራሴ ከሥራ መልስ ፍራሽ ላይ የምወድቅ ሰው ነበርኩ። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ለእናንተ ብቻ ሳይሆን ለራሴም ጭምር ነው።

ሰውነት ሲቀመጥ ምን ይሆናል?

የሰው ጡንቻ ካልሠራ ይቀንሳል። በተለይ ዕድሜ ከአርባ ሲያልፍ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየሳሳ ይሄዳል። ሰውየው ራሱ አያውቀውም። የሚያውቀው ከበርጩማ ለመነሳት እጁን ጉልበቱ ላይ መደገፍ ሲጀምር ነው። ጡንቻ ደግሞ ከደማችን ውስጥ ስኳርን ወስዶ የሚጠቀም ክፍል ስለሆነ፣ ሲሠራ የስኳር መጠን እንዲስተካከል ይረዳል። አዘውትሮ የሚንቀሳቀስ ሰው የደም ግፊቱ ዝቅ ይላል፣ የልብ ሕመምና የስትሮክ አደጋው ይቀንሳል፣ እንቅልፉም ይሻላል። ሐሳብና ጭንቀት ለበዛበት ሰውም መንቀሳቀስ ጥቂት እፎይታ ይሰጠዋል። ይህ ማለት ግን የምክር አገልግሎትን ወይም መድኃኒትን ይተካል ማለት አይደለም።

ይህ ጉዳይ ከታወቀ ቆይቷል። ጄሪ ሞሪስ የተባሉ ብሪታኒያዊ ሐኪም በ1953 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞችን አነጻጽረው ነበር። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይነዳል፤ ቲኬት ቆራጩ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ አውቶቡስ ውስጥ ነው። የልብ ሕመም በብዛት የተገኘው ግን በሾፌሮቹ ላይ ነበር። ቲኬት ቆራጩ ስፖርተኛ አልነበረም፤ በሥራው ምክንያት በየቀኑ ይንቀሳቀስ ነበር እንጂ።

ታዲያ ምን ያህል እንንቀሳቀስ? የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። 150 ደቂቃ ማለት በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ነው። ዕድሜያቸው 65 ዓመት የሞላቸውና ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን ሚዛን መጠበቅን የሚያለማምድ እንቅስቃሴ ቢጨምሩ የመውደቅ አደጋቸው ይቀንሳል።

ግማሽ ሰዓት የሚለውን ሰምታችሁ እንዳትደነግጡ። ቀደም ባለው መመሪያ እንቅስቃሴው ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ መቆየት አለበት ይባል ነበር። በ2020ው መመሪያ ይህ ቀርቷል። ሦስት ደቂቃም፣ አምስት ደቂቃም ይቆጠራል። ምንም ካለመሥራት ትንሽ መሥራት ይሻላል ማለት ነው።

«መካከለኛ» የሚለውን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። እየተንቀሳቀሳችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ፣ እንቅስቃሴው መካከለኛ ነው። ሁለት ቃል ተናግራችሁ ትንፋሽ ካጠራችሁ ግን ከብዷል፤ ቀንሱት።

ለምን ጀምረን እንተዋለን?

ብዙዎቻችን ስፖርት ጀምረን እናውቃለን። የጎደለን መቀጠሉ ነው። እኔ በመጀመሪያ የጀመርኩት ከዚያ ከጋሼ ሽኝት በኋላ በማግስቱ ነበር። በማለዳ ተነስቼ ወደ ኳስ ሜዳው ሄድኩና አሥር ዙር ሮጥኩ። በሁለተኛው ቀን ባቴ ታስሮ መራመድ አቃተኝ። አራት ቀን ተኛሁ። በአምስተኛው ቀን ሲሻለኝ ፍላጎቱም አብሮ ጠፋ። «ይሄ ለእኔ አይሆንም» አልኩ።

ከወራት በኋላ እንደገና ስጀምር ሜዳም አልሄድኩ፣ ሩጫም አልሞከርኩ። ጠዋት ሻይ ጥጄ ውኃው እስኪፈላ ድረስ ከበርጩማ ስምንት ጊዜ መነሳትና መቀመጥ ብቻ ነበር ሥራዬ። ባለቤቴ ሳቀችብኝ። «ይኼ ስፖርት ነው እንግዲህ?» አለች። ሻዩ ግን በየቀኑ ይጣዳል፤ ስለዚህ እኔም በየቀኑ ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ። ከሁለት ወር በኋላ ሳይታወቀኝ ገና ማንቆርቆሪያውን ስጥድ በርጩማዬን መሳብ ጀመርኩ። አሁን ባለቤቴም አብራኝ ትሠራለች።

ይህ የእኔ ብቻ ገጠመኝ አይደለም። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች አንድን አዲስ ነገር በየቀኑ ከአንድ ከተለመደ ሥራ ጋር አያይዘው እንዲያደርጉ ተደርጎ ነበር። ነገሩ ሳያስቡት የሚመጣ ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጅቷል። አንዳንዱ ሰው በ18 ቀን ሲለምድ፣ አንዳንዱ ደግሞ 254 ቀን እንደሚፈጅበት ተገምቷል። ስለዚህ ባልንጀራችሁ በሦስት ሳምንት ለምዶ እናንተ በሁለት ወር ባትለምዱ ሰነፍ ናችሁ ማለት አይደለም። በዚሁ ጥናት አንድ ቀን መዝለል ልማዱን እንደማያበላሸውም ታይቷል።

ልማድ እንዲጸና አምስት ነገሮችን ልብ በሉ።

አንደኛ፣ እንቅስቃሴውን በየቀኑ ሳትቀሩ ከምትሠሩት ነገር ጋር እሰሩት። «ነገ ስፖርት እሠራለሁ» የሚል ሐሳብ ይረሳል። «ሻይ ስጥድ ከበርጩማ እነሳለሁ»፣ «ከቦኖ ውኃ ይዤ ስመለስ ወገቤን አፍታታለሁ»፣ «ልጆቹን ትምህርት ቤት ሸኝቼ ስመለስ በሰፈሩ አንድ ዙር እዞራለሁ» የሚል ሐሳብ ግን አይረሳም። ቡና በየቀኑ የሚፈላበት ቤት ደግሞ ጥሩ ዕድል አለው። ቡናው ከመቅረቡ በፊት አንድ እንቅስቃሴ፣ በአቦልና በቶና መካከል አንድ፣ በቶናና በበረካ መካከል አንድ። ጎረቤቱም አብሮ ይነሳል፣ ጨዋታውም ይደምቃል።

ሁለተኛ፣ ትንሽ ጀምሩ። እጅግ ትንሽ ይሁን። ታማችሁም፣ ደብሯችሁም፣ እንግዳ መጥቶባችሁም ልትሠሩት የምትችሉት ያህል ይሁን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ ምልክት አድርጉ። የሠራችሁበትን ቀን በከሰል ግድግዳ ላይ፣ ወይም በቀን መቁጠሪያው ላይ አንድ ጭረት አስምሩ። ጭረቱ ሲበዛ ዓይናችሁ ያየዋል፤ መተውም ያሳሳል።

አራተኛ፣ አንድ ቀን ቢያመልጣችሁ አትዘኑ፤ ሁለተኛው ቀን ግን አያምልጣችሁ። ብዙ ሰው የሚተወው በቀረበት ቀን ሳይሆን፣ «አንዴ ከቀረብኝ ወዲያ» ብሎ ተስፋ በቆረጠበት በማግስቱ ነው።

አምስተኛ፣ ሰው ያዙ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ከጎረቤት፣ ከልጅ፣ ከትዳር ጓደኛ ጋር የሚሠራ ሰው ሲቀር የሚጠይቀው አለ።

በቤት ውስጥ የሚሠሩ ስድስት እንቅስቃሴዎች

አሁን ወደ ተግባሩ እንግባ። የምትለብሱት የዘወትር ልብሳችሁን ነው። እኅቶቻችንና እናቶቻችን በር ዘግታችሁ፣ ቀሚስ ለብሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ሲሊፐር ግን አውልቁ፤ ያንሸራትታል። ወለሉ ንጹሕ ከሆነ በባዶ እግር፣ ካልሆነ ተረከዝን በሚይዝ ጫማ ሥሩ።

1. ባሉበት መራመድ። ሰውነት ሳይሟሟቅ ከባድ ነገር አይሠራም። ባላችሁበት ቆማችሁ ጉልበታችሁን ከፍ እያደረጋችሁ፣ እጃችሁን እያወዛወዛችሁ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ተራመዱ። ሬዲዮ ላይ አንድ ዘፈን እስኪያልቅ ማለት ነው።

2. ከበርጩማ መነሳትና መቀመጥ። በርጩማውን ከግድግዳ አስጠግታችሁ እንዳይንሸራተት አድርጉ። እግራችሁን በትከሻችሁ ስፋት ለይታችሁ ተቀመጡ። እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣምሩና ወደ ፊት ትንሽ ዘንበል ብላችሁ ተነሱ። ስትቀመጡ ዘፍ አትበሉ፤ ቀስ ብላችሁ እስከ ሦስት እየቆጠራችሁ ተቀመጡ። ከ5 እስከ 8 ጊዜ። እጃቸውን ሳይደገፉ መነሳት የማይችሉ አባቶችና እናቶች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢደገፉ ነውር የለውም። በርጩማው ዝቅ ያለ ከሆነ ብርድ ልብስ አጥፋችሁ ደርቡበት።

3. ግድግዳ መግፋት። መሬት ላይ የሚሠራው ፑሽ አፕ ለብዙዎቻችን ከባድ ነው። ጠንካራ ግድግዳ ፊት አንድ እርምጃ ርቃችሁ ቁሙ። መዳፋችሁን በደረታችሁ ትክክል ግድግዳው ላይ አድርጉ፣ ክርናችሁን አጥፋችሁ ደረታችሁን ወደ ግድግዳው አስጠጉ፣ ከዚያ ገፍታችሁ ተመለሱ። ከ8 እስከ 10 ጊዜ። ማሳሰቢያ፦ ዝናብ የበላው ወይም የተሰነጠቀ የጭቃ ግድግዳ ላይ፣ እንዲሁም በቆርቆሮ ግድግዳ ላይ አትደገፉ።

4. ጀሪካን ማንሳት። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ 5 ሊትር የሚይዘው የዘይት ጀሪካን ሲሞላ የ5 ኪሎ ክብደት ነው። በግማሽ ሞልታችሁ ጀምሩ። ጀሪካኑን በሁለት እግራችሁ መካከል አድርጉ፤ ጉልበታችሁን አጥፉ፣ ወገባችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፣ ከዚያ በእግራችሁ ጉልበት ቀጥ ብላችሁ ቁሙ። ከ6 እስከ 8 ጊዜ። ይህ እንቅስቃሴ ሁለት ጥቅም አለው፤ ጡንቻን ያጠነክራል፣ በተጨማሪም በቦኖ ላይ 20 ሊትሩን ስታነሱ ወገባችሁን የምትጠብቁበትን አነሳስ ያስተምራችኋል።

5. ተረከዝ ማንሳት። የበሩን መቃን ይዛችሁ በእግር ጣታችሁ ቁሙ፣ ቀስ ብላችሁ ተረከዛችሁን መልሱ። 10 ጊዜ። ከዚያ መቃኑን እንደያዛችሁ በአንድ እግር 10 ሰከንድ ቁሙ፣ እግር ቀይሩ። ይህኛው ለሚዛን ነው፤ አረጋውያን ከሁሉ በላይ ይህን አትተዉ።

6. ማፍታታት። በመጨረሻ ግድግዳውን ይዛችሁ አንድ እግራችሁን ወደ ኋላ ዘርጉ፣ ተረከዛችሁ መሬት ይንካ፤ ባታችሁ ሲሳብ ይሰማችኋል። ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ቆዩ። ከዚያ ምንጣፍ ላይ በጀርባችሁ ተኝታችሁ ጉልበታችሁን አንድ በአንድ ወደ ደረታችሁ ሳቡ። ማፍታታት ጡንቻን ይስባል እንጂ ሊያሳምም አይገባም፤ ሕመም ከተሰማችሁ ላሉት።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከስድስቱ ሁለቱን ብቻ ሥሩ፤ በርጩማውንና ማፍታታቱን። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ባሉበት መራመዱንና ግድግዳ መግፋቱን ጨምሩ። በአምስተኛውና በስድስተኛው ሳምንት ተረከዝ ማንሳቱንና ጀሪካኑን ጨምሩ። ከሰባተኛው ሳምንት ጀምሮ ሁሉንም አንድ ዙር፣ ሲቀልላችሁ ሁለት ዙር ሥሩ። ጀሪካኑንና ግድግዳ መግፋቱን ቀን ቀን እያለፋችሁ ሥሩ፤ ጡንቻ የሚጠነክረው ሲያርፍ ነው። በሌሎቹ ቀናት የእግር ጉዞ አድርጉ። በማግስቱ ጡንቻ ቢቆረጥማችሁ የተለመደ ነው፤ በሁለትና በሦስት ቀን ይጠፋል። መገጣጠሚያ ካበጠ ወይም ሕመሙ ስለት እንደሚወጋ ከሆነ ግን አቁሙ።

ሙቀትና ውኃ

የካኩማን ፀሐይ ሁላችንም እናውቃታለን። ቀን ላይ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት፣ ወይም ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ሥሩ። ለእግር ጉዞ የምትወጡ ሰዎች ብርሃን ሳለ፣ ከሁለት ከሦስት ሰው ጋር ሁናችሁ ውጡ። የደረቀው ወንዝ ውስጥ መራመድ አሸዋው ለእግር ቢመችም፣ ላይኛው አገር ሲዘንብ ጎርፉ ሳይታሰብ ስለሚመጣ በዝናብ ወራት አትግቡበት።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ብርጭቆ፣ ከጨረሳችሁ በኋላ አንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ጠጡ። ሽንታችሁ ደማቅ ቢጫ ከሆነ ሰውነታችሁ ውኃ ጎድሎታል፤ ያን ቀን ከእንቅስቃሴው በፊት ጠጡ። አቧራ ባለበት ነፋስ አስም ያለባችሁ ቤት ውስጥ ሥሩ።

ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው

የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለባችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ክሊኒክ ሄዳችሁ ተለኩ፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ክብደት ስታነሱ ትንፋሻችሁን አትያዙ፤ ስታነሱ አስወጡ። ስፖርት ጀመርኩ ብላችሁ መድኃኒታችሁን አታቋርጡ።

የስኳር በሽታ ኖሮባችሁ ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የምትወስዱ በባዶ ሆድ አትሥሩ። መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ድንገተኛ ረሃብ ወይም መደናገር ከመጣባችሁ ስኳር የወረደ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው አቁማችሁ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ወይም ጣፋጭ ሻይ ጠጡ። እግራችሁንም በየቀኑ ለቁስል ተመልከቱ።

ነፍሰ ጡር እናቶች መራመድና ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ይጠቅማችኋል። ከሦስት ወር በኋላ ግን በጀርባ ተኝታችሁ የሚሠራውን ተዉት፣ ከባድ ጀሪካን ማንሳትንም ለሌላ ሰው ስጡ። ደም ካያችሁ፣ የእንሽርት ውኃ ከፈሰሰ ወይም ምጥ የሚመስል ቁርጠት ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

እግሩን ያጣ ወይም በእግሩ መቆም የማይችል ሰው ተቀምጦ ጀሪካን ማንሳት፣ እጁን በክብ ማዞር፣ ከመቀመጫው በእጁ ገፍቶ ከፍ ማለት ይችላል። ትኩሳት፣ ወባ ወይም ተቅማጥ ያለበት ሰው እስኪድን ይረፍ።

ማንም ሰው ቢሆን እየሠራ ሳለ ደረቱን ካስጨነቀው፣ ሕመሙ ወደ ክንዱ ወይም ወደ መንጋጋው ከሄደ፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ራሱን ካዞረው ያቁም፣ ይቀመጥ፣ ሰው ይጥራ። እረፍት አድርጎ ካልተወው ነገ እሄዳለሁ ሳይል ያኑኑ ይሂድ።

ከአድማጮች የደረሱን ጥያቄዎች

«ራሽን በተቀነሰበት በዚህ ጊዜ እንዴት ስፖርት ሥሩ ትሉናላችሁ?» የሚል ጥያቄ ደርሶናል። ጥያቄው ትክክል ነው። እንቅስቃሴ ምግብን አይተካም፤ የተራበ ሰውን ሩጥ ማለትም ምክር አይደለም። በቂ ምግብ በማይገኝበት ሰሞን ሩጫና ከባድ ነገር ማንሳት ይቅር። ከበርጩማ አምስት ጊዜ መነሳትና ማፍታታት ግን የሚፈጀው ጉልበት ጥቂት ነው፤ ያለንን ጡንቻ እንዳይሳሳ ያግዘናል። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ሥሩ። ክብደታችሁ እየቀነሰ ከሆነ፣ ወይም በአልሚ ምግብ ሕክምና ላይ ካላችሁ መጀመሪያ ጤና ሠራተኛ ይያችሁ። የምትጾሙም ብትሆኑ ወደ መፈሰኪያው ሰዓት አስጠግታችሁ ቀለል ያለውን ሥሩ።

አንዲት እናት ደግሞ፣ «እኔ ቀኑን ሙሉ ውኃ እቀዳለሁ፣ እንጨት እሸከማለሁ፣ ልብስ አጥባለሁ፤ ይሄ ስፖርት አይደለም ወይ? ደግሞ ሌላ ልጨምር?» ብለዋል። እማማ፣ እርስዎ የሚሠሩት ይቆጠራል። 150 ደቂቃውን ከብዙዎቻችን በፊት ጨርሰውታል። ለእርስዎ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ድካም አይደለም። ማታ ከመተኛትዎ በፊት ወገብና ባትዎን ያፍታቱ፤ ጀሪካኑን ሁልጊዜ በአንድ ወገን ብቻ አይያዙት፣ ከቻሉ 20 ሊትሩን በሁለት 10 ሊትር ከፍለው በሁለት እጅ ይያዙት። ለቤቱ ወንዶችና ልጆች ደግሞ አንድ መልእክት አለኝ፦ ስፖርት ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ፤ ቦኖው ያለው ቅርብ ነው። የእናታችሁን ጀሪካን ተቀበሏት።

«ጉልበቴን ያመኛል፤ ብንቀሳቀስ አይብስብኝም ወይ?» ላሉን አባት፦ በዕድሜ የመጣ የጉልበት ሕመም ብዙውን ጊዜ የሚብሰው በመቀመጥ ነው። የጭን ጡንቻ ሲጠነክር ጉልበት ላይ ያለው ጫና ይቀላል። በርጩማውን ከፍ አድርገው በሦስት ጊዜ ይጀምሩ። ጉልበቱ ካበጠ፣ ከጋለ ወይም ወድቀው ከሆነ ግን በመጀመሪያ ይታዩ።

አንድ ወጣት፣ «እኔ ጡንቻ ማውጣት ነው የምፈልገው፤ በጣሳ ሲሚንቶ ሞልተን ብረት እናነሳለን» ብሎ ጽፎልናል። ጎበዝ! ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን የጓደኛህን ክብደት ለማንሳት አትሞክር፤ 10 ጊዜ ወገብህ ሳይጎብጥ የምታነሳውን ምረጥ። ጣሳው ከብረቱ እንዳይወልቅ በየጊዜው አረጋግጥ። ጫት ከቃምክ በኋላ ልብህ በፍጥነት ስለሚመታ ያን ሰዓት ከባድ ነገር አትሥራ። በ2016 እ.ኤ.አ. በሪዮ ኦሎምፒክ የተሳተፈው የመጀመሪያው የስደተኞች ቡድን አሥር አትሌቶች ነበሩት። አምስቱ ከዚሁ ከካኩማ የወጡ ደቡብ ሱዳናውያን ሯጮች ሲሆኑ፣ አንዱ ደግሞ በሉክሰምበርግ በስደት ይኖር የነበረው ኢትዮጵያዊው የማራቶን ሯጭ ዮናስ ክንዴ ነበር። እነሱም በእኛው አቧራና ፀሐይ፣ ወይም በባዕድ አገር፣ በትንሹ ጀምረው ነው የደረሱት።

ማጠቃለያ

ውድ አድማጮቻችን፣ ጊዜያችን እየተጠናቀቀ ነው። ወረቀታችን መቼ እንደሚመጣ በእኛ እጅ አይደለም። ራሽኑ መቼ እንደሚጨመር በእኛ እጅ አይደለም። ነገ ጠዋት ሻይ ስንጥድ ከበርጩማው አምስት ጊዜ መነሳት ግን በእጃችን ነው። የምንሄድ ሰዎች በራሳችን እግር ደረጃውን እንድንወጣ፣ አገራችን የምንመለስም በራሳችን እግር ደጃፋችንን እንድንረግጥ፣ እዚሁ የምንቆይም ልጆቻችንን አንስተን እንድንስም፣ ጉልበታችን ያስፈልገናል።

ያ ጋሼ ከሄዱበት አገር አንድ ቀን ደወሉልኝ። «እንዴት ነዎት?» አልኳቸው። «ልጄ፣ እዚህ ደግሞ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ነው» አሉና ሳቁ። ከዚያ፣ «በቀን አንድ አንድ ደረጃ እየጨመርኩ አሁን ሁለተኛው ጋ ሳላርፍ እደርሳለሁ» አሉኝ። እኔም፣ «ጋሼ፣ ይበርቱ» አልኳቸው። ለእናንተም የምለው ይህንኑ ነው።

ነገ ስትነሱ ከምን ጋር እንደምታስሩት ዛሬ ማታ ከቤተሰባችሁ ጋር ተነጋገሩና ወስኑ። የመጀመሪያዋን ጭረት ነገ አስምሩ። ጥያቄ ያላችሁ በብሎካችሁ ላለው የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ በጽሑፍም በቃልም ስጡ። በሚቀጥለው ዝግጅታችን እስክንገናኝ ሰላምና ጤና ለሁላችሁ ይሁን። ደኅና ሰንብቱ።